ያለ ድምፅ የተጫወተው ኪቦርድ

ይህ ነገር ለወግ የሚበቃ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ብቻ እናንተ ፍረዱ። የፈቃድ ነገር እንቅልፍ የነሣው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አምቦ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ሰሞን የተዋወቅኋቸው ኦቦ ገመቹ ምግብ ቤት አላቸው። ጎረቤታቸው ያለ ፈቃድ ሙዚቃ አስጫውቶ ቤቱ ከታሸገ ወዲህ፣ «ቀጣዩ እኔ ነኝ» እያሉ ይንቀጠቀጣሉ። የሙዚቃ ፈቃድ ቢያመለክቱ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላካቸው። እስከዚያው ኪቦርድ ተጫዋቹ ብሩክ ከሥራ እንዳይወጣ፣ በጆሮ ማዳመጫ ለብቻው እየሰማ እንዲጫወት አዘዙት። እኛ ተማሪ ደንበኞቻቸውም ጣቶቹን እያየን በዝምታ ትከሻችንን እንሰብቅ ነበር። ያስቃል? ውጭ መኪና በቆመ ቁጥር ትከሻችን እዚያው ደርቆ ሲቀር ግን አያስቅም።

አንድ ቅዳሜ ፋይል የያዘ ሰው ገባ።

«ይሄ ልጅ ምን እየሠራ ነው?»

«ያ ዋቃ! ምንም አይሰማም እኮ፣ ጌታዬ» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ታዲያ እነዚህ ለምን ይጨፍራሉ?»

«በርዷቸው ነው!»

ሰውየው ሳቀ። «ለፈቃዱ ቤቱን ለማየት ነው የመጣሁት። ሰኞ መጥተው ይውሰዱ።»

ሰኞ ፈቃዱ ተሰጠ፤ ዐቢይ ጾምም ገባ። በጾም ማን ያስጨፍራል? ብሩክ ኪቦርዱን ከድምፅ ማጉያ ጋር ያገናኘው የፋሲካ ዕለት ነው። ኦቦ ገመቹ የመጀመሪያውን ድምፅ ሲሰሙ ፈቃዱን ረስተው፣ ደንግጠው በሩን ቆለፉብን። በራቸውን ከፍተው ሙዚቃ ያስጫወቱት በዳግማ ትንሣኤ ዕለት ነው።