ቺንጊያ በሜዲትራኒያን ዳር

የባሕር ዳርቻ ውበት በትክክል የሚታየው መኪና ሲበላሽ ብቻ ነው። መኪናው እየሄደ አባወራ ባሕር የት ያያል? የሚያየው ካርታ ነው፤ የሚሰማው ደግሞ ካርታውን ገልብጠህ ይዘኸዋል የምትል ሚስት ነው።

እኔ እዚህ ጥልቅ እውነት ላይ የደረስኩት የካናዳ ፓስፖርት ባገኘን በዓመቱ ነው። ከቶሮንቶ ተነስተን ሮም የምትኖረውን የባለቤቴን የገነትን እህት ልንጠይቅ ሄድን። እህቷ አሮጌ መኪናዋን አዋሰችንና የሜዲትራኒያንን ዳር ይዘን ወደ ሰሜን ወጣን።

ጉዞው ለገነት መዝናኛ ነበር። ለእኔና ለአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃችን ለሄለን ግን ውርርድ ነበር። ሄለን በአማርኛ ስጠራት «ዋት?» የምትል ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደሚሰጠው የአማርኛ ትምህርት አልሄድም ብላ ዓመት ሙሉ አድክማናለች። አማርኛ ከምንኖርበት ከክሬሰንት ታውን ሕንፃ ሊፍት ሲወርዱ ሥራ ያቆማል ነው የምትለው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። እኔም እንደ አገር መሪ ጉሮሮዬን ጠርጌ ቃል ገባሁ፦ በዚህ ጉዞ አማርኛ አንድ ቀን እንኳ ከጠቀመን ትማራለች፤ ካልጠቀመን ቅዳሜን ትተኛለች። የአክስቷ ቤት አይቆጠርም ብላ አስፈረመችኝ። ይህች ልጅ ጠበቃ ሳትሆን አትቀርም።

ስድስት ቀን ሙሉ አማርኛ ለማንም አልጠቀመም። በሰባተኛው ቀን፣ ከአንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር በላይ፣ መኪናው እንደ ማንቆርቆሪያ እንፋሎት ተፋና ቆመ። ገነት እንዴት ያምራል አለች፣ ባሕሩን ማለቷ ነው። እኔም ያን ጊዜ አየሁት።

ቁልቁል እየገፋን አንድ ጋራዥ አደረስነው። ሽማግሌ መካኒክ ወጡ። በምን ቋንቋ ላናግራቸው? ሄለን እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝና አፌ ያመጣልኝን ወረወርኩ፦ «ቺንጊያ?»

«ቺንጊያ» አሉ ሽማግሌው፣ የተበጠሰውን የሞተር ቀበቶ አንስተው እያሳዩኝ።

ካንዴላ አልኩ፣ ሞተሩን የሚያቀጣጥለውን እያመለከትኩ፤ ደህና መሆኑን በአውራ ጣታቸው ነገሩኝ። ስለ ፍሪሲዮኑ ሐሳብ ተለዋወጥን። ካቻቪቴ ሲሉኝ ብሎን መፍቻውን አቀበልኳቸው። ጎማውን በእግራቸው መታ አድርገው «ጎማ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አብሬ አዘንኩ።

የሄለን ዓይን ፈጠጠ። «ዳዲ፣ ሰውየው ሐበሻ ነው እንዴ?» አለችኝ። አንቱታውን ብትዘለውም፣ በአማርኛ ነው።

ቃላቱን ከነመኪናው ያመጡልን ጣልያኖች እንደሆኑ ማስረዳት ይገባኝ ነበር? ሐቀኛ አባት ቢሆን ያስረዳ ነበር። እኔ ግን አማርኛ ሰፊ ቋንቋ ነው ብዬ አለፍኩት። ገነት ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ አሸናፊ ነበርኩ። ሄለን ግን አማርኛ የት እንደተማሩ ሽማግሌውን በእንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው። ለካስ ሰውየው በወጣትነታቸው ቶሮንቶ፣ ብሉር ጎዳና አጠገብ፣ ስምንት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። ከእኔ በጠራ እንግሊዝኛ፣ አማርኛ የሚባል ነገር ሰምተው እንደማያውቁ፣ አባቷ ግን ለቱሪስት ጥሩ ጣልያንኛ እንደሚናገር ነገሯት።

መኪናው ተጠገነ። መንገዳችንን ቀጠልን። እኔ ባሕር የማይ አስመሰልኩ። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ፦

«ዳዲ፣ እኔን አማርኛ ተማሪ ትላለህ፣ አንተ ግን የምታወራው ጣልያንኛ ነው። በላሁህ።»

ከ«ዳዲ» በቀር አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አልነበረበትም። በዚያ ሁሉ የባሕር ዳርቻ፣ በመበላቱ እንደ እኔ ደስ ያለው ሰው አልነበረም።