እምቢ ያልሁት ሬዲዮ

በሕይወቴ እምላለሁ፣ የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። በዚህ ዕድሜዬ ለመሐላ የምትበቃ ብዙ ሕይወት አልተረፈችኝም፤ ቢሆንም ያለችኝ እሷው ናትና ተቀበሉኝ።

ሽልማት የሚሉት ነገር እኛ ዘንድ ዘግይቶ ነው የደረሰ። ሞባይል ገና ደባርቅን በማያውቅበት ዘመን የጽሑፍ ወዳጆች ተሰባስበው «ከእንግዲህ ጎበዝ ዜና ጸሐፊና ደራሲ በየዓመቱ ይሸለማል» አሉ። እኔ ደግሞ በረዶ የመታውን ገብስና ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ ለሬዲዮ ጣቢያ ስጽፍ የሸበትሁ ሰው ነኝ። የላክሁት ወረቀት ቢከመር ራስ ዳሸንን በትከሻ ይበልጠዋል። የራሴን ዜና የምሰማው ግን ጎረቤት ደጅ ቆሜ ነው፤ ሬዲዮ የለኝማ! የዜናው ሽልማት ሬዲዮ መሆኑን የሰማች ዕለት ባለቤቴ ውባለም መደርደሪያውን ወልውላ ጨርቅ አነጠፈችለት።

የሽልማቱ በዓል ዕለት ብርዱ ከተራራው ወርዶ አዳራሹ ውስጥ የፊት ወንበር ይዞ ነበር። መድረኩን የምትመራው ከአዲስ አበባ የመጣች ቀልጣፋ ልጅ ስሜን ጠራች። እንግዲህ ወጉን ታውቁታላችሁ፤ እኛ አገር ሰው ሲያከብሩት ዘሎ አይነጥቅም። እምቢ ይላል፣ «በሞቴ» ይባላል፣ ደግሞ እምቢ ይላል፣ በመጨረሻ እየተግደረደረ ይቀበላል። ምግብ እንኳ እንዲያ ነው የሚበላ።

እጅ ነሣሁና፣ «ልጄ፣ እኔ ምን ሠራሁ! የዳባቱ አቶ ፈንታ እያለ ለእኔ አይገባም» አልሁ።

ፈንታ እንኳ የሚጽፈው የሠርግ ወሬ ብቻ ነው። «በሞቴ» እስክትለኝ ጠበቅሁ። የልጅቱ ዐይን እንባ አቀረረ።

«እንዲህ ያለ ትሕትና አይቼ አላውቅም! አቶ ፈንታ፣ ወደ መድረክ!»

አልደነገጥሁም። ፈንታ ያገሬ ሰው ነው፤ እሱም እምቢ ይላል፣ ሬዲዮው ይመለስልኛል። እሱ ግን ሬዲዮውን እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፎ፣ «ታላቄ ካዘዙኝ እንዴት እምቢ ልበል?» አለ። ወጉን በወግ ቀማኝ። ምን ይደረግ፣ ከልቤ አጨበጨብሁለት።

ውባለም ደጅ ላይ ባዶ እጄን አየች።

«የታለ?»

«እምቢ አልኋቸው።»

«አንተ ሰውዬ! ያንተ እምቢታ የሚያምረው እኮ እኔ አጠገብህ ሆኜ ‹በሞቴ› ስልህ ነው!» አለችና ጨርቁን ከመደርደሪያው አንሥታ ሻሽ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ «እንካ» ስትለኝ «እሺ» ማለትን ስለማመድ ከረምሁ። በየዓመቱ የተባለው ሽልማት ግን ሁለተኛ ዓመቱን ሳያይ ቀረ። ደከመው መሰለኝ፤ እኔም ደክሞኛል።

አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬያለሁ፤ አጨበጨብሁለት ያልኋችሁን። እጄ ከጋቢዬ አልወጣም። ብርድ ነበር ብያችኋለሁ።