ከባትሪው ጋር የተያያዘችው ሴትዮ

መኪናዬ መናገር ከጀመረች እነሆ ሰባት ወር ሆናት።

እንዲህ ስላችሁ ሽማግሌው ለየለት እንዳትሉ። ነገር የማጋነን ልማድ የለኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት የሠራሁ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በደኅና ውጤት ያጠናቀቅሁ ሰው ነኝ። መኪናዬ ትናገራለች ካልኩ ትናገራለች ማለቴ ነው። ያውም በእንግሊዝኛ።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ቀድሞ በመኪናችን ውስጥ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ባለቤቴ አስካለ፣ ነፍሷን ይማርና። ከደብረ ብርሃን አንኮበር አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አስካለ አርባውንም ታወራው ነበር። የማን ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፣ የማን ገብስ ውርጭ መታው፣ ያቺ በግ የምትነዳ ሴት የማን ምራት ናት። እኔ ደግሞ፣ «መንገዱን ልይበት፤ እባክሽ ዝም በይ» እላት ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። እውነታቸውን ነው። እሷ ካረፈች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝምታን አየሁት፤ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልወጣለትም።

ቢሆንም በየአሥራ አምስት ቀኑ አንኮበር መሄዴን አልተውኩም። እዚያ ከአባቴ የቀረ የገብስ ማሳ አለኝ። የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ሄድኩም ቀረሁም ገብሱ ይበቅላል። ነገር ግን መኪና ያለው ሰው የሚሄድበት ሊኖረው ይገባል። በመንገድ ዳር እጃቸውን የሚያነሡ እግረኞች አሉ። አስካለ ሳለች እንጭናቸው ነበር። «ና ግባ፤ የማን ልጅ ነህ?» የምትለው ግን እሷ ነበረች። እኔ የማላውቀውን ሰው በምን አፌ የማን ልጅ ነህ ልበለው? አልፌ እሄዳለሁ። አቧራዬ ሲያለብሳቸው በመስታወቱ አያለሁ።

ሐዋሳ የምትኖር አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሕይወት ትባላለች። በየእሑዱ ትደውላለች። «አባዬ፣ በዚህ ሳምንት ማን መጣ?» ትለኛለች። ጥያቄዋ የዋህ ትመስላለች፤ ወጥመድ ናት። ማንም አልመጣም ያልኩ እንደሆነ፣ «እንግዲያው መጥቼ እወስድሃለሁ» ባይ ናት። ሐዋሳ ሄጄ ምን ልሁን? በሰው ሳሎን ጥግ እንደ ተረሳ ሻንጣ ልቀመጥ? ስለዚህ እሑድ እሑድ እንግዳ እፈጥራለሁ። «አንድ የድሮ ባልደረባዬ ሲጫወት ዋለ» እላለሁ። ይህን ውሸት አትበሉብኝ፤ ቤትን ማስከበር ነው።

ምን ዋጋ አለው፣ አንድ እሑድ ተያዝኩ። መስከረም ላይ ቀበርኩት ያልኳትን ሰው ጥቅምት ላይ ቁርስ አበላሁት።

ሕይወት ቀበርኩት ያልኳትን ቀን ጠቅሳ አስታወሰችኝ። ከዚያ፣ «አባዬ፣ እስከ ጥምቀት አያለሁ። አንድ ሰው፣ በሕይወት ያለ አንድ ሰው ቤትህ ካላገኘሁ፣ ዕቃህን ጭኜ ይዤህ እሄዳለሁ» አለችኝ። በሳምንቱ በአውቶቡስ አንድ ካርቶን ላከች። ውስጡ የመኪና ቴፕ ነበረ፤ ፊቱ እንዳለ መስታወት፣ ካርታ የሚያሳይ፣ መንገድ የሚመራ። አብራ አውራ ጣት የምታህል ፍላሽ ልካለች። «እስከዚያው ቢያንስ ድምፅ ይኑርህ» የሚል ወረቀትም አለው። ተቀየምኩ። ተቀይሜም ላስገጥመው ሄድኩ።

በከተማችን ይህን ሥራ አሳምረው ከሚሠሩት አንዷ ሰዓዳ ናት፤ የአሊዩ አምባ ልጅ። ሴት ልጅ ኮፈን ከፍታ ሞተር ውስጥ ስትገባ አይቼ ስለማላውቅ ባለሙያው እስኪመጣ ቆሜ ጠበቅሁ። እሷም ቆማ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ የሚጠብቁት ሰው አለ?» አለችኝ። «ባለሙያውን» አልኩ። «መጥታለች» አለችና መፍቻዋን አነሣች።

የመኪናዬ ዳሽቦርድ የድሮ ነው፤ የአዲሱ ቴፕ ፊት ሰፊ ነው። ስለዚህ በመጋዝ ቆረጠችው። የራሴን ጥርስ የምትገዘግዝ መሰለኝ። ከዚያ አሮጌውን ራዲዮ ስትነቅለው ከካሴት ማስገቢያው ውስጥ አንድ ነገር ቅጭል ብሎ ወደቀ። የሴት ፀጉር ማስያዣ ሽቦ ነው።

«በቃ! ራዲዮውን የገደለው ይኼ ነው» አለች ሰዓዳ፤ ወደ ብርሃኑ አንሥታ እያየችው። «ሆን ተብሎ ነው የተከተተው ጋሼ። ወላሂ፣ እንዲህ ጠልቆ በራሱ አይገባም።»

ያ ራዲዮ አንድ ቀን ወደ አንኮበር ስንሄድ ዜና እየሰማሁበት ነበር ድንገት የሞተው። አስካለ ያኔ፣ «አይ፣ አርጅቶ ነው፤ ተወው፣ እኔ አወራልሃለሁ» ብላኝ ነበር። ሽቦዋን ተቀብዬ በደረት ኪሴ ከተትኳት። ሰዓዳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ጨዋ ናት።

የቴፑን የኤሌክትሪክ ሽቦ ማያያዝ ላይ ግን ተጣላን።

«ቀዩ ከቁልፉ ጋር ነው የሚያያዘው» አለችኝ። «መኪናውን ሲያጠፉ ቴፑም ይጠፋል።»

«አይጠፋም። ከባትሪው ጋር በቀጥታ አያይዢው።»

«ባትሪዎን ይመጠዋል እኮ!»

«ይምጠጠው።»

«ጠዋት አልነሣም ቢልዎ ሰዓዳ ናት እንዳይሉኝ። ተናግሬያለሁ!»

ምክንያቴን አልነገርኳትም። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ከሰዓት በኋላ በግቢዬ በቆመች መኪና ውስጥ መቀመጥ እወዳለሁ። የቤቱ ወንበር ብዙ ነው፤ ባዶነቱ ይቆጠራል። መኪና ውስጥ ባዶው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ኋላ ያለውን ካልዞሩ አያዩትም።

ፍላሿ ላይ ምን ዓይነት ዘፈን እንድትጭንልኝ ጠየቀችኝ። «የተከበረ» አልኳት። «የተከበረ የሚባል የለኝም ጋሼ» ብላ ሳቀችና ያላትን ሁሉ ጫነችው፤ የሠርጉን፣ የፉከራውን፣ የትዝታውን። አንዳንድ መንዙማም አብሮ ገብቷል። ይህን ሁሉ መቼ ሰምቼ እጨርሳለሁ ብላት፣ «አላህ ዕድሜ ይስጥዎ እንጂ ይጨርሱታል» አለችኝ። ምርቃት ይሁን ስድብ አልለየሁትም።

በማግሥቱ አንኮበር ብዬ ጻፍኩና ተነሣሁ። ከመስታወቱ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ድምፅዋን አሰማች። እንግሊዝኛዋ ጥርት ያለ ነው። ቀጥ ብለህ ሂድ አለችኝ። እሺ አልኩ። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። የአንኮበር መንገድ አንድ ነው፤ መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ አርባ ኪሎ ሜትር ሙሉ አፏን ዘግታ ተቀመጠች። ልጄ ከሐዋሳ ድረስ የላከችልኝ ሴት ከእኔ የባሰች ዝምተኛ ናት!

ስመለስ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ከተማ ገብቼ መታጠፊያ ብስት ጊዜ ወዲያው ተናገረች። ሌላ መንገድ ፈለገችልኝ። እሱንም ሳትኩባት፤ እንደገና ተናገረች። አትቆጣም። «እኔ ያልኩህን መቼ ሰምተህ» አትልም። ይህችን ሴት የሚያናግራት ስህተት ብቻ ነው ለካ!

እንግዲህ ልናገረው። በሰባ አራት ዓመቴ፣ መንገድ ስቼም ጠይቄም የማላውቅ ሰው፣ በተወለድኩበት ከተማ ሆን ብዬ መንገድ መሳት ጀመርኩ። ቀኝ ስትለኝ ግራ። ግራ ስትለኝ ቀጥታ። እሷ ስትናገር፣ እኔ «እሺ እመቤት» ስል፣ ጠዋቱ ያልቃል።

በዚህ ሁኔታ ነው ለቅሶ ቤት የገባሁት።

የኅዳር ውርጭ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት። እጄ ላይ የሱፍ ጓንቴን አጥልቄአለሁ። ዘፈኑ ከፍ ብሏል፤ የሠርግ ነው፣ ከበሮውና ዕልልታው ሳይቀር። ሴትዮዋ ቀኝ አለች፤ ግራ ታጠፍኩ፤ ከፊቴ መንገዱን ሙሉ የዘጋ የሐዘን ድንኳን ተገተረ።

መስታወቱን ጫንኩት። አይሰማም። ለካ በጓንት አይሰማም! ቢቸግረኝ ቁልፉን አዙሬ መኪናውን አጠፋሁ። ሞተሩ ዝም ሲል ዕልልታው ይብሱን ጎላ። ከባትሪው ጋር በቀጥታ አያይዢው ያልኩ እኔ ነኝ። ከድንኳኑ አንድ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ። ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ ብጫነው ወደ ፉከራ ተሻገረ። እንደገና ብጫነው ፀጥ አለ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ሴትዮዋ፣ ጎላ አድርጋ፣ ወደ ኋላ ተመለስ አለችኝ።

ለቅሶ ደጃፍ ደርሶ መመለስ በየትኛው አገር ካርታ ላይ ነው የተጻፈው? ኮቴን ቆልፌ ወረድኩ። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ገባሁና ተቀመጥኩ።

አግዳሚው ብዙ ነው፤ ሰው ግን ጥቂት ነው። የሞቱት አቶ በላቸው የሚባሉ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። አንዲት የዕድር ሴት በጆሮዬ፣ «ስድስት ዓመት አጥር ለአጥር ስንኖር ከእግዜር ሰላምታ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ኩሩ ነበሩ። ለቀብራቸው እንኳ ወዳጅ አላፈሩም» አለችኝ። ኮቴ ጠበበኝ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ልጃቸው ዳዊት አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። በትሕትና፣ ግን ዓይኑ ቀልቶ፣ «አባቴ፣ ዘፈኑ ምንድን ነው?» አለኝ።

ምን ልበለው? ጓንት ነው ልበለው? ባትሪ ነው ልበለው?

«እሳቸው የሚወዱት ዘፈን ነው» አልኩ።

የዳዊት ፊት ተለወጠ። «አባዬ... ዘፈን ይወድ ነበር? ያውቁት ነበር ማለት ነው? ጓደኛ ነበረው?»

ሦስት ጥያቄ ነው፤ አንዱንም አልመለስኩ። ልጁ ግን የመጨረሻውን እየደጋገመ፣ «ጓደኛ ነበረው» ይል ጀመር፤ ለራሱ፣ ከዚያም ለዕድሯ ሴት። እንዲህ ሲል እያየሁት «አይደለም» ልበል? እናንተ ብትሆኑ ትሉ ነበር?

አንድ ነገር እንድነግረው ለመነኝ። ስለማያውቁት ሰው መናገር ሲቸግር ስለ ራስ መናገር ይቀላል። አንድ ጊዜ አሊዩ አምባ ገበያ ወርደን፣ ብርቱካን ገዝተን፣ ጥላ ሥር ተቀምጠን በላን አልኩት። ልጣጩን ሜዳ ላይ አልጣሉም፤ የኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት አልኩት። ይህን የማደርገው እኔ ነኝ። ዳዊት እንባው ወረደ። «እሱ ነው! በቃ ራሱ ነው!» አለ። ከሐዘን ቤት ስወጣ፣ «በአርባው እንዳይቀሩ፤ ከእርስዎ በቀር ማንም የለውም» ብሎ መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ።

አርባው ደረሰ። ልቅር ብዬ ነበር። ሰው የሌለው ሰው በአርባው ደግሞ ወዳጁ ሲቀርበት ታየኝና ሄድኩ። ዳዊት ከፊት አስቀምጦኝ የብርቱካኑን ታሪክ ለካህናቱ እንድደግም ጠየቀኝ። ደገምኩ። ልጣጩን ኪስ ውስጥ አስገብቼ እንደ ጨረስኩ፣ ከጥግ አንድ ከዘራ የያዘ፣ ከረባት ያሰረ፣ እንደ እኔው ጀርባው ቀጥ ያለ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልክ ነው» አለ። «ያን ዕለት እኔም ነበርኩ።»

ወደ ጥጉ ዞርኩ።

«ከብርቱካኖቹ አንዱ እንዲያውም ኮምጣጣ ነበር» ብሎ ቀጠለ። «እኔ ነኝ የበላሁት።»

አየሁት። አየኝ። አቶ ጌታነህ ይባላል፤ ሚስቱ ሞታ፣ ልጆቹ ርቀው፣ ከገበያው ማዶ ብቻውን የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያወቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ሰው እንደ እኔው ድንኳን አይቶ የገባ ነው።

«አስታወስኩ» አልኩት። «አንተ ከግራ በኩል ተቀምጠህ ነበር።»

«ከቀኝ» አለኝ፣ ቆጣ ብሎ።

ወደ ቤቱ ላድርሰው ስል ከፊት ወንበር ገባ። ሴትዮዋ መንገድ ልትመራን ብትሞክር፣ «ይህች ደግሞ ምን ታውቃለች?» ብሎ እስከ በሩ ድረስ ራሱ መራኝ። በማግሥቱ ቁርስ ቤቴ መጣ። በሳምንቱ አንኮበር አብረን ወረድን፤ አርባውን ኪሎ ሜትር ስለ ሂሳብ ሲጨቀጭቀኝ ሄደ። ጥምቀት ዋዜማ ሕይወት ባዶ ሻንጣ ይዛ ከሐዋሳ ስትደርስ፣ አቶ ጌታነህ ሳሎኔ ውስጥ ከእኔ ጋር ሲከራከር አገኘችው። ትከሻውን ስትስመው ጠበቅ አድርጋ ያዘችው፤ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጧ ይመስለኛል።

«ከአባዬ ጋር እንዴት ተዋወቃችሁ?» አለችው።

«በወዳጃችን በአቶ በላቸው በኩል» አላት፤ ዓይኑን ሳያሽ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሻንጣዋን ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሟቹ ረጅም ይሁኑ አጭር፣ ጠይም ይሁኑ ቀይ፣ ሁለታችንም አናውቅም። በየወሩ ግን ስማቸውን አንሥተን እንጫወታለን፤ በየጊዜውም አንድ አንድ ነገር እንጨምርላቸዋለን። አሁንማ ተጫዋች ሰው ሆነዋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስካሁን ጭጋግ ነው።