ሳንቀመጥ የጠረግነው ቅጠል

ኤፕሪል፣ ማለት የአውስትራሊያ መጸው፣ ሲገባ የሜልቦርን ሰው ቅጠል ለማየት ይወጣል። አዎ፣ ቅጠል። ያውም የሚረግፍ ቅጠል። ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ሻይ ሲፈላ አንዷ ፊትዝሮይ ጋርደንስ የሚባለው መናፈሻ ሄጄ ነበር ትላለች፤ ሌላው የካርልተኑ ይበልጣል ብሎ ይከራከራታል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም በንቀት አይቶ፣ ዳንደኖንግ ተራራ ካልወጣችሁ ምኑን አያችሁት ይላቸዋል። ከዚያ ስልክ ይወጣል። ቢጫ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ እንደገና ቢጫ። እኔም "ሲያምር!" እላለሁ። ምን ልበል? እኔ ባደግሁበት ግቢ የወደቀ ቅጠል ይጠረጋል እንጂ ፎቶ አይነሳም።

እናንተም አንድ ቀን ወደዚህ ብቅ ብላችሁ የት ሄደን እንይ ብትሉኝ፣ እኔ የማውቀው አንድ ቦታ ብቻ ነው። መግቢያ አይከፈልበትም። ጓንት ግን ያዙ። እንዴት እንዳወቅሁት ልንገራችሁ።

ዳዊት፣ ፍሌሚንግተን ሰፈር በምንኖርበት ሕንፃ ላይ፣ ጎረቤቴ ነው። ማስተርሱን ጨርሶ ሥራ የያዘ ጨዋ ልጅ ነው። ሳሮን ከምትባል ነርስ ጋር ይዋደዳሉ። ሳሮን ደግሞ ከአውስትራሊያ ሌላኛው ጫፍ፣ ፐርዝ፣ ሥራ አግኝታ ጁን መጀመሪያ ላይ ልትሄድ ሆነ። ልጁ ተከትሏት ለመሄድ ቆርጧል። እሷ ግን ነገሯ አጭር ነው። "አባቴ እሺ ሳይል ቀለበት አላስርም። እሺ ሳይል ከሄድኩ ደግሞ አትጠብቀኝ" አለችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻቸውን ነው የኖሩት፤ ስለዚህ ቀልድ አልነበረም። ዳዊት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሱሪው ሰፋው።

ሽማግሌ ተላከ። ሦስት ነበርን፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸውና ንግግር የሚያውቁት ጋሼ ተሰማ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር፣ ሦስተኛው እኔ። በአርባ አንድ ዓመትህ እንዴት ሽማግሌ ሆንክ አትበሉኝ። መኪና ያለኝ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ዳንደኖንግ ተራራ ወጣን፤ የሳሮን አባት ጋሼ መኮንን የሚኖሩት እዚያ ነው። መንገዱ ግራና ቀኙ እሳት የተያያዘ ይመስላል። ፈረንጁ መኪናውን እያቆመ ፎቶ ያነሳል። ጋሼ ተሰማ ፊት ወንበር ላይ ንግግራቸውን ይለማመዳሉ፣ ፓስተሩ ከኋላ ይጸልያሉ፣ እኔ ጠመዝማዛውን እረግማለሁ። ከሦስታችን ቅጠል ያየ የለም።

ጋሼ መኮንን ግቢያቸው ውስጥ፣ ከአንድ ግዙፍ የኦክ ዛፍ ሥር፣ ቅጠል ቁርጭምጭሚታቸውን ውጦት ባለ ጥርስ መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል።

"ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉን።

"ያመጣን ጉዳይ ሳይሰማልን አንቀመጥም" አሉ ጋሼ ተሰማ።

ደንቡን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም። እንግዳ ቆሞበት የሚያስችለው አባወራ ስለሌለ፣ ከጥንት ጀምሮ የሠራ ዘዴ ነው። ጋሼ መኮንን ግን አስቻላቸው። እኛን አዩ፣ ቅጠሉን አዩ።

"እንግዲያው ከቆማችሁ አይቀር" ብለው ከጋራዡ ሦስት መጥረጊያ አመጡ።

ጠረግን። ጋሼ ተሰማ ክራቫታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው፣ "ልጅዎን ለልጃችን" ብለው ሲጀምሩ፣ ጋሼ መኮንን "እዚያች ጥግ ትንሽ ቀርታለች" ይሏቸዋል። አረንጓዴ ክዳን ያለው የቅጠል ማጠራቀሚያ ቢን ሁለቴ ሞላ። በመጨረሻ ጋሼ መኮንን ላባቸውን ጠርገው፣ "ነገሩን ሰምቻለሁ። ከዘመድ ልማከር፤ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ" አሉን። ይህም ደንብ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም።

ዳዊት ከሕንፃው በር ላይ ይጠብቀን ነበር። "ምን አሉ?" ቢለኝ፣ "ግቢያቸው ጸድቷል" አልኩት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዛፉ እንደ አዲስ አራግፎ ጠበቀን። ጠረግን። የዛሬ ሳምንት። በሦስተኛው ጠረግን። የዛሬ ሳምንት። "ኧረ እኚህ ሰው የሚማከሩት ከዘመድ ነው ከዛፉ?" አሉ ፓስተሩ፣ የተላጠ መዳፋቸውን እያዩ። እኔም እውነቱን ልናገር፣ ተናድጄ ነበር። ልጁ ምግብ አልበላ ብሏል።

በአምስተኛው ቅዳሜ፣ ሜይ ሊያልቅ ሲል፣ ዛፉ ራቁቱን ቆሟል። የሚጠረገውን ጠርገን ስንጨርስ አላስቻለኝም።

"ጋሼ፣ ልጅቷ ሐሙስ መሄዷ ነው። ቅጠሉም አልቋል። እባክዎ ቁርጡን ይንገሩን!"

"አላለቀም" አሉኝ ቀስ ብለው። ይዘውን ከቤቱ ጀርባ ዞሩ። እዚያ እስከ ወገብ የሚደርስ ክምር አለ። ማንም አልነካውም።

"ይሄ የሳሮን ነው" አሉ። "ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ የመጨረሻውን አብረን ነው የምናነሳው። እናቷ የሞተች ዓመት እንኳ አላቋረጥንም። ይሄ ከተነሳ እኮ ሄደች ማለት ነው። ዛፉ እስኪጨርስ ልያት ብዬ ነው፤ አትቀየሙኝ።"

እኔ በንዴቴ አፈርኩ።

"ሳሮን! ነይ!" ብለው ተጣሩ። ልጅቷ በቦቲ ጫማ ወጣች፤ ሽማግሌ ፊት መውጣቷ ከየትኛውም ደንብ ውጭ ነው። አባትና ልጅ ክምሩን እፍኝ በእፍኝ ቢን ውስጥ ከተቱት፤ እሷ እያለቀሰች፣ እሳቸው "ቀስ በይ፣ ምን ያስቸኩልሻል" እያሏት። እኛ መጥረጊያችንን ተደግፈን ቆምን። የመጨረሻዋን እፍኝ ሲጨምሩ ጋሼ መኮንን ቀና ብለው አዩን።

"ተቀመጡ" አሉ።

ጋሼ ተሰማ ወንበር አልጠበቁም። በሱፋቸው እርጥብ ሣር ላይ ዘፍ አሉ።

ይኸው ዳዊትና ሳሮን ፐርዝ ናቸው። ኤፕሪል በገባ ቁጥር ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ይጮኻል። "ዛፉ ጀምሯል" ይሉኛል ጋሼ መኮንን፤ ሌላ አይጨምሩም። እነጋሼ ተሰማን ጭኜ እወጣለሁ። በረንዳው ላይ ሦስት ወንበር ተደርድሮ ይጠብቀናል፤ አሁንማ ጉዳይ የለንም፣ "ተቀመጡ እንጂ" ይሉናል። ማን ይቀመጣል?