ሊቀ ስላይዳት ሙዓዊያ

መሥሪያ ቤት ሲከፈት ከማኅተሙና ከጠረጴዛው ጋር አብሮ የሚመደብ አንድ ሰው አለ፤ ሌላው በአቋራጭ የሚሄድበትን ነገር ጋራውን ዞሮ የሚሄድ፣ ዞሮም ሲያበቃ ቀድሞ የሚደርስ። ሁሉም ያውቀዋል። ሁሉም ደግሞ አንድ ቀን ሲወድቅ ለማየት በልቡ ይመኛል፤ ውሸት ከመሰላችሁ ሳምራዊትን ጠይቋት።

ሳምራዊት ሸዋ ሮቢት ውስጥ ባለ አንድ የግብርና መሥሪያ ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ስላይድ ሠርታ መድረክ የምትወጣው እሷ ነበረች። ስላይድስ የሷ! ፊደሉ ከግራ እየበረረ ይመጣል፣ ሽንኩርቱ እየተሽከረከረ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያጨበጭባል። ከአጣዬ የሚመጣ ገበሬ ሳይቀር፣ "የዚያች የሽንኩርቷ ልጅ ስብሰባ ነው?" ብሎ ጠይቆ ነበር የሚመጣው።

ከዚያ ሙዓዊያ መጣ። ሁለተኛ ዲግሪውን ጨርሶ፣ ላፕቶፑን በብብቱ ሸጉጦ፣ ላቴክ የሚባል የጽሕፈት ፕሮግራም ይዞ። ይህ ሰው እንደ ሰው ስላይድ አይሠራም፤ በጽሑፍ ያዝዘዋል እንጂ። ባዶ ገጽ ላይ ቅንፍ ይከፍታል፣ ቅንፍ ይዘጋል፣ ያዘመመ ሰረዝ ያስቀምጣል፤ ላየው ሰው ድግምት ይመስላል። በመጨረሻ አንዲት ቁልፍ ሲጫን ገጾቹ ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ርእሱ በቦታው፣ ሠንጠረዡ በቦታው፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ። "ሊቀ ስላይዳት" ተባለ። ስሙን ያወጣችለት ሳምራዊት ናት። እሷ ለስድብ ነበር ያለችው፤ ማዕረግ ሆኖ ቀረ።

"ርእሱን ትንሽ ዝቅ ብታደርገውስ?" ሲሉት፣ "እኛ ሐሳቡን እንጻፍ፤ ቦታውን እሱ ያውቃል" ይላል። "እሱ" የሚለው ፕሮግራሙን ነው። አንድ ቀን ከአሊዩ አምባ ለጉዳይ የመጡ ሼህ ይህን ሰምተው፣ "ማሻ አላህ! ኢማን ያለው ልጅ!" ብለው መረቁት። ሳምራዊት ያን ዕለት ምሳ አልወረደላትም።

ትሕትናውስ! "እትዬ ሳምራዊት፣ እስቲ ይዩልኝ" እያለ የሠራውን ሁሉ ያሳያታል። "እትዬ" ባላት ቁጥር ዕድሜዋ ላይ አምስት ዓመት ይጨምርባታል። ደግሞም አየችለት እንጂ! የሽንኩርት በሽታ ጥናቱን ሃያ ሁለት ስላይድ ስህተት ልታገኝበት አሥር ጊዜ አነበበችው። የለም። አንዲት ነጥብ እንኳ አልጎደለችም፤ ወይ መቃጠል!

ይህ ጥናት ለገበሬዎችና ከዞን ለሚመጡ እንግዶች የሚቀርብ ነው። ኃላፊያቸው አቶ ኢዮብ ለአቅራቢነት የመረጠው ሙዓዊያን ነበር። "ከተዋጣለት ከእንግዲህ መድረኩ የሱ ነው" ብሎ ለሳምራዊት ፊት ለፊት ነገራት።

በስብሰባው ዕለት ሙዓዊያ ለዙሁር ሶላት ወጣ እንዳለ አቶ ኢዮብ ሳምራዊት ዘንድ ብቅ አለ። "ምንድነው ይሄ ሁሉ 'በመቶ' 'በመቶ'? ምልክቷን አድርጊባት፤ እንግዳ አለብን" አላት። ላፕቶፑ ክፍት ነበር። ሳምራዊት 'በመቶ' የሚለውን ሁሉ እያጠፋች % አደረገችበት፤ ሙዓዊያ ሲጫናት ያየቻትንም ቁልፍ ተጫነች። ፕሮግራሙ ትንፍሽ ሳይል ገጾቹን አወጣ። "ይቺው ናት እንዴ!" አለች፤ ኮራችም። ከፍታ እንኳ አላየችውም።

አዳራሹ ሞልቷል፤ ሙቀቱም ለጉድ ነው። ሙዓዊያ ሁለት ስላይድ አሳምሮ አነበበና ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ግድግዳው ላይ፣ "በጀውሃ ዙሪያ ካለው የሽንኩርት ማሳ 60" ይላል። አለቀ። ሌላ ቃል የለም።

የጀውሃው ገበሬ ጋሼ ወልደማርያም ተነሡ። "ስድሳው ምን ሆነ ልጄ?"

ሙዓዊያ ወደሚቀጥለው አለፈ። "መድኃኒት ከተረጨው 35" ይላል።

"ሠላሳ አምስቱስ? ሞተ ወይስ አለ?"

አዳራሹ ሳቀ። ሙዓዊያ ጽሑፍ ካላየ የገዛ ስሙን ለመናገር የሚያመነታ ሰው ነው።

ሳምራዊት ፊት ወንበር ላይ ናት። ዓመት ሙሉ የተመኘችው ቀን ይኸው መጣ። ከሷ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነው፤ መድረኩ ይመለስላታል፣ ማን እንደነካካውም የሚጠይቅ የለም። ታዲያ ደስታው የት ገባ? ልጁ ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ ግድግዳውን ያያል። አንጀቷን በላው።

"ኤዲያ! የኔ ነገር!" ብላ ብድግ አለች። "ጋሼ ወልደማርያም፣ ስድሳ በመቶው ደህና ነው፤ በሽታው አልነካውም። የተጎዳው ወንዝ ዳር ያለው አርባው ነው። ከተረጨው ደግሞ ሠላሳ አምስት በመቶው አገግሟል፤ የቀረው ዘግይቶ የተረጨ ነው።" እሱ ስላይዱን ይገፋል፣ እሷ የጎደለውን ትሞላለች። እስከ ሃያ ሁለተኛው አንድ ቃል አልሳተችም። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው።

አቶ ኢዮብ በር ላይ ጠብቆ፣ "መድረኩ ያንቺ ነው፤ ጨርሻለሁ" አላት። አልፋው ወጥታ ሙዓዊያን ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር አገኘችው።

"ምልክቷን ያስገባሁት እኔ ነኝ" አለችው።

"ገብቶኛል። እሷ ምልክት እኮ ላቴክ ውስጥ ከኋላዋ የተጻፈውን ሁሉ ትበላለች። እኔንም መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ጉድ ሠርታኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ነው በፊደል የምጽፈው።" ፈገግ አለ። "ግን እትዬ፣ ያን ሁሉ በቃልዎ እንዴት ያዙት?"

"ስህተት ስፈልግብህ!"

"ስንት አገኙ?"

"አንድም! አሳረርከኝ እኮ!" ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። "አሁን መድረኩን ስወስድብህ ትንሽ እንኳ አትቀናም? ምን ዓይነት ፍጡር ነህ አንተ?"

ሙዓዊያ አንገቱን ደፋ። "ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ስለሚያዝ አይደል ላቴክ ውስጥ የተደበቅኩት? እርስዎ ሽንኩርቱን እያሽከረከሩ ሰውን ሲያስቁ ባየሁ ጊዜ... ዋላሂ፣ በቅናት ልሞት ነበር።"

"ተመስገን!" አለች ሳምራዊት፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ። "እኔ እኮ ብቻዬን የምቃጠል መስሎኝ ነበር!"