ሦስትን የማይጠብቁት ዶን ፊዴንሲዮ

በሜክሲኮ አገር፣ አደባባይ ያለው ከተማ ሁሉ አንድ ፎቶ አንሺ አለው፤ ፎቶ አንሺ ሁሉ ደግሞ ውሸታም ነው። የአንዱ ውሸት «አምረሃል» ነው፤ የሌላው «ነገ ይደርሳል»። የኛው ክቡር ዶን ፊዴንሲዮ በእንዲህ ያለ ተራ ውሸት አፋቸውን አላቆሸሹም። እሳቸው የሚዋሹት በቁጥር ነበር።

«በሦስት አነሳችኋለሁ» ይሉና በሁለት ያነሳሉ። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ ቀለሙ ከተላጠው የእንጨት ፈረሳቸው ጎን ቆመው እንዲሁ አደረጉ። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከተማው ሁሉ ይሸወዳል። ከንቲባው ቦርጫቸውን ሳይሰበስቡ ተነሱ። ዳቦ ጋጋሪው በሠርጉ ዕለት ሙሽሪትን ትቶ አማቱን በፍርሃት ሲያይ ተገኘ። እኔ በስድስት ዓመቴ፣ ትልቅ ባርኔጣ ደፍቼ ፈረሱ ላይ ወጥቼ፣ ጣቴ የት እንደነበረ አልናገርም።

ቅሬታ ይዞ የሄደ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። «ሦስት ሲባል የሚመጣውን ሰውዬ እኔ አላውቀውም» ይላሉ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ።

ነገሩ የከረረው ግን ከእናቴ ከዶኛ ቶማሳ ጋር ነው። እናቴ በየዓመቱ በሙታን ቀን፣ ሟቾች ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ በሚባልበት ዕለት፣ ጎረቤት ለሟቾቹ የዘረጋውን ገበታ እየዞረች ታያለች። አበባውንና ዳቦውን ታልፋለች፤ የሟቹን ፎቶ ግን ትመረምራለች። ለራሷም አንድ ጨዋ ፎቶ አስቀድማ ማዘጋጀት ፈለገች። ጥቁር ሻሏን ለብሳ ሁለት ጊዜ ሄደች፤ አንዴ ስታስነጥስ፣ አንዴ ፀጉሯን ስታስተካክል ተነሳች።

«ከሞትኩ በኋላ ቤቴ የምመጣው በዓመት አንዴ ነው» አለቻቸው በሦስተኛው። «ያን ቀን እንኳ ሰው መምሰል የለብኝም? እስከ ሦስት እንደሚቆጥሩ በጓዳሉፔ እመቤታችን ይማሉልኝ።»

ዶን ፊዴንሲዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ማሉ። መሐላቸውንም አላፈረሱም። አንድ አሉ፣ ሁለት አሉ፣ አነሱ፤ ከዚያ ሦስት አሉ።

ፎቶው ላይ እናቴ ጣቷን ቀስራ አፏን ከፍታለች። «ገና ነኝ» እያለች ነበር። ፎቶውን መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው፤ ሰውዬውንም እስክትሞት ድረስ በሩቁ ብቻ ሰላም አለቻቸው።

በሞተች ዓመት እኅቴ የእናታችንን የመታወቂያ ፎቶ አስተልቃ ገበታው ላይ አቆመች። እናቴ የተመኘችው ዓይነት፣ ጥርት ያለ ጨዋ ፎቶ ነው። ሻማውን ለኩሰን ብንጠብቅ ብንጠብቅ፣ ከፎቶው የምታየን ማን እንደሆነች አላወቅንም። ዶን ፊዴንሲዮ አላውቀውም እንደሚሉት ሰውዬ፣ ሦስት ሲባል የምትመጣዋ ሴትዮ ነበረች። እኅቴ ቀድማኝ ተነሳችና ያን የተወረወረውን ፎቶ ከመሳቢያው አውጥታ ገበታው ላይ አቆመች። እናቴ ልትቆጣን ጣቷን ቀስራ ቤቷ ገባች፤ ሁለታችንም አለቀስን።

ዛሬ አደባባዩ ላይ ሰው ሁሉ ስልኩን ዘርግቶ ራሱን ሃያ ጊዜ ያነሳል፤ አሥራ ዘጠኙን ያጠፋል። የሚጠፉትን ባያቸው ደስ ይለኝ ነበር። ዶን ፊዴንሲዮ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሥራውን ትተዋል፤ እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፈረሱ ይናፍቀኛል። በሙታን ቀን ግን ከኛ ቤት አይቀሩም። ያቀረብንላቸውን ዳቦ ሳይነኩ ገበታው ፊት ይቆሙና ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

«ዶኛ ቶማሳ» ይላሉ፣ «አሁንስ ሦስት ልበል?»

እናቴ ጣቷን እንደቀሰረች፣ ገና ነኝ ትላቸዋለች።