ጎማ ከላይ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቁጭ ሲል የሚያርፍና ቁጭ ሲል የሚደክመው። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ሶፋ ላይ አሥር ደቂቃ ከቆየሁ እግሬ ብቻውን መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ውስጥ እግሬን ይበላኛል። ውስጥ እግር ሲበላ መንገድ አለ ይባል የለ? እኔን ሃያ ዓመት ሙሉ ሲበላኝ ያገኘሁት መንገድ ከምንኖርበት ከመሪ ኮንዶሚኒየም እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለው ብቻ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ወንዙንም ተራራውንም በጠመኔ ሠርቼ በዳስተር ሳጠፋ የኖርኩ ሰው እግሬን ቢበላኝ ይፈረድብኛል?

ስለዚህ አሮጌ ሚኒባስ ገዛሁ። ወንበሮቹን ነቃቅዬ አልጋ፣ ትንሽ ጠረጴዛና የጋዝ ምድጃ አስገባሁበት፤ መጋረጃም ሰቀልኩለት። የሰለጠነው ዓለም ካምፐር ይለዋል። ባለቤቴ አስቴር "ያ ታክሲህ" ትለዋለች። ቀለሙ ገና ሰማያዊና ነጭ ስለሆነ እውነቷን ነው። ወሰን በሚባለው ሰፈር ባለፍኩ ቁጥር ሰው እጁን እየዘረጋ "መገናኛ ነው?" ይለኛል። አንድ ቀንማ መንገድ ተዘጋግቶ ቆሜ ሳለ አንዲት እናት በሩን ከፍተው ገቡና አልጋው ላይ ተቀመጡ። ዘወር ዘወር ብለው አይተው፣ "ወንበሩን ምን አደረጋችሁት?" አሉኝ፤ ቅር ብሏቸው። መገናኛ አድርሻቸው ተመለስኩ፤ ምን ላድርግ?

አስቴር የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ቃል አታባክንም፤ የተናገረችውንም አትረሳም። ስለ እኔ አንድ የጸና ውሳኔ አላት፤ "ካንተ ጠብ የሚል ነገር የለም" የሚል። በረንዳ ላይ የጀመርኩትን የዶሮ እርባታ፣ ሦስት ክሩ የተበጠሰውን ጊታሬን፣ አንድ ወር ያልሞላውን የጣልያንኛ ትምህርቴን እየጠቀሰች "ታዲያ ምን ጠብ አለ?" ትለኛለች። ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ ነው።

ክረምቱ እንደገባ ሚኒባሱን ልታይ መጥታ አልጋው መሃል ላይ ባልዲ አገኘች። ጣራው ያፈስ ነበራ! ዕቃ መጫኛው ፖርቶመጋላ ሲነቀል ቀዳዳዎቹ እንዳሉ ቀርተዋል። አስቴር ባልዲውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ውሉን እዚያው ቆማ አረቀቀችው። ነሐሴ ሳይወጣ፣ ዝናብ ባለበት ቀን፣ እንጦጦ ወስጄ አንድ ከሰዓት አስቀምጣታለሁ። ከጣራው አንዲት ጠብታ እሷ ላይ ካረፈች መኪናው ይሸጣል። ካላረፈች፣ በሄድኩበት ሁሉ አብራኝ ትሄዳለች።

እሺ አልኩ፤ ግን ፈራሁ። ልጃችን ለትምህርት ሐዋሳ ከሄደች ወዲህ ቤታችን ዝም ብሏል። ማታ ማታ እኔና አስቴር የምናየው ቴሌቪዥኑን ነው፤ እርስ በርስ አንተያይም። መኪናው ከተሸጠ ጡረታዬ መጥቶ እዚያው ሶፋ ላይ እንደሚያገኘኝ ታየኝ። ብቻዬን መሄዱንም አልፈለግኩትም። እውነቱ ይኸው ነው።

የሚያፈስ ጣራ መድኃኒቱ ጎማ መሆኑን አንብቤያለሁ። ከጫፍ ጫፍ የሚሸፍን፣ አንድ ወጥ የሆነ ጥቁር የጎማ ንጣፍ ይለጠፍበታል። ንጣፉን መርካቶ አገኘሁት። ማን ይለጥፈው? በያጁን ብጠይቀው ልበይደው አለ፤ ቆርቆሮ ሠሪው ቆርቆሮ ላልብሰው አለ። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝና አሰብኩ። በዚህ ከተማ ከጎማና ከማስቲሽ ጋር ዕድሜውን የፈጀ ማነው? ጎሚስታ! ክርክሬ እስከዛሬ እንከን አልተገኘለትም።

ወሰን ላይ የሚሠሩት ጎሚስታ ጋሽ በየነ ይባላሉ። ጎማ እንዲሠሩልኝ ስነግራቸው መኪናውን ዞረው አራቱንም በእግራቸው መታ መታ አደረጉና "ደህና ናቸው እኮ፤ የቱ ነው?" አሉኝ። ጣራው ነው አልኳቸው። "መምህር፣ ጎማ ከታች ነው" አሉኝ፤ ቀስ ብለው፣ ለበሽተኛ እንደሚነገር።

ነገሩ ሲገባቸው ግን ከእኔ ብሰው ተገኙ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቁት፤ ጠረጉት፤ ማስቲሹን ቀቡት፤ በጣታቸው ጀርባ እየነኩ እስኪጠነፍፍ ጠበቁ። እኔ ከኋላ፣ እሳቸው ከፊት ሆነን ንጣፉን ስንዘረጋ ነፋስ መጣና ጎማው እኔን ይዞ ሊሄድ ምንም አልቀረው። መንገድ ፈላጊ ነኝ ብልም በዚያ በኩል አልነበረም። የሸሚዜ እጅጌ ጫፍ እስከዛሬ እዚያው ሥር ተለጥፎ ይገኛል።

ጣራው መሃል ላይ የሳህን አፍ የምታህል የአየር ማስወጫ ነበረች። ጋሽ በየነ "ይቺስ?" አሉኝ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ትደፈን፣ ቀዳዳ የሚባል ነገር ማየት አልፈልግም አልኩ። ደስ አላቸው። "አየር ከወጣ ውሃ ይገባል" አሉኝ፤ የሙያቸው ሕግ ነው።

ፈተናውም በሙያቸው ነው። ጎማ የሚፈተነው በሳሙና ውሃ አይደል? ጣራውን የሳሙና ውሃ አለበሱትና እኔን ውስጥ አስገብተው ዘጉብኝ። የኮምፕሬሰሩን ቱቦ በመስኮቱ ስንጥቅ አሳልፈው፣ ዙሪያውን በጨርቅ ወትፈው ነፉኝ። አዎን፣ መኪናውን ከነመምህሩ ነፉት! ጆሮዬ ጭው አለ። ከውጭ "አረፋ የለም!" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎም በኩራት "መምህር፣ ትንፋሽ እንኳ አያስወጣም!" አሉ። ወጥቼ አቀፍኳቸው። ሰው የሚቀመጥበት ቤት ትንፋሽ አለማስወጣቱ የሚያስመሰግን ነገር መሆን አለመሆኑን ያን ጊዜ ማን አሰበው?

ቅዳሜ ከሰዓት ሰማዩ ሲጠቁር አስቴርን ይዤ ወጣሁ። የእንጦጦን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰትን ስንወጣ እንኳ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተውልናል። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፎቹ መሃል ቆምን። በነሐሴ ዝናብ አምጣ እያለ የሚጸልይ ከእኔ በቀር ማን አለ? መጣ፤ ያውም በረዶ ቀላቅሎ። አስቴር አልጋው ላይ፣ ጃንጥላዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት። አንድ ሰዓት። ደረቅ! እኔ ጎንበስ ብዬ ከምድጃው እስከ መሪው፣ ከመሪው እስከ ምድጃው እመላለሳለሁ። ሻይ አፈላሁ፤ ጠጣን። ለድሉ ሁለተኛ በራድ ሙሉ ሻይ ጣድኩ። አስቴር ታፈንኩ፣ እስቲ መስኮት ክፈት አለችኝ። እምቢ አልኩ። በመስኮት የገባውን ውሃ በጣራዬ ልታላክክ ነው? በራሱ ፈቃድ የሚሸነፍ አለ?

ይሄኔ ነው አንዲት ጠብታ ግንባሯ መሃል ላይ ያረፈችው።

አልጋው ላይ ወጥቼ ኮርኒሱን ዳሰስኩት። ሁለመናው አልቦታል። የሁለት በራድ ሻይ እንፋሎትና የሁለት ሰው ትንፋሽ መውጫ አጥቶ፣ ከእንጦጦ ብርድ ጋር ጣራው ላይ ተገናኝቶ ውሃ ሆኗል። ትነት፣ ቅዝቃዜ፣ ጠብታ። በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሣልኩ የማስተምረው ትምህርት ነው፤ ያላወቀ ተማሪ ስንቱን ጥዬዋለሁ!

ቶሎ ብዬ ተከራከርኩ። ዝናብ አይደለም አልኳት፤ ሻይ ነው! አስቴር ረጋ ብላ፣ ውሉ "ከጣራው" እንጂ "የዝናብ" እንደማይል አስታወሰችኝ። ይሸጥ እስክትል ስጠብቅ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሬ ሳይንቀጠቀጥ ቆመ።

ጠብታዋን በጣቷ ጠርጋ አየቻት። ከዚያ ሳቀች፤ ልጃችን ከሄደች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማሁም። ሰኞ ጋሽ በየነ ዘንድ ሄጄ ያስደፈንኳትን የአየር ማስወጫ እንዳስከፍት አዘዘችኝ።

"አይሸጥም ማለት ነው?" አልኳት፤ ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄ" አለች፣ "ገና ዛሬ ካንተ ጠብ ያለ ነገር ባገኝ፣ እሱኑ ልሽጠው?"